ቪጎዬ ጄኔሬተር ሲጎትት፦ ለጉልበትና ለነዳጅ ብዬ ካወጣሁት ገንዘብ የቱ ሠራ?

ሥራዬ ጄኔሬተር ማከራየት ነው። ሠርግ፣ ምርቃት፣ ድንኳን የሚተከልበት ባዛር፣ አንዳንዴም መብራት ያልገባለት የግንባታ ሳይት እሄዳለሁ። ያለኝ ተሳቢ ላይ የተቀመጠ 40 ኬቪኤ ጄኔሬተር ነው፤ ከነሽፋኑ፣ ከነኬብሉና ከነናፍጣው አንድ ቶን ተኩል ይመዝናል። የሚጎትተው ደግሞ ደብል ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ቪጎ ነው፤ ሞተሩ 3.0 ሊትር ዲ4ዲ የሚባለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር፣ ካምቢዮው ማንዋል። አስተያየቴ ከዚህ አንጻር ይነበብልኝ። ቅዳሜ ላንጋኖ ደርሶ እሑድ ለሚመለስ ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው። ለእኔ ግን መኪናው ዳገት ላይ ሲያቃስት የሚጠጣው ናፍጣ በቀጥታ ከትርፌ ላይ ይቀነሳል።

ናፍጣ ሊትሩ ከመቶ ብር ካለፈ ወዲህ ደግሞ ቀልድ የለም። «መኪናውን ሽጠህ አዲስ ግዛ» የሚለውን ምክር የሚሰጡኝ ሰዎች ገበያውን አያውቁትም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከተባለ ጀምሮ አሮጌ ነገር ያለው ሰው ሁሉ ዕቃውን አስወድዷል። ስለዚህ ያለኝን መኪና ማሻሻል ነው የመረጥኩት። «ጉልበት ይጨምራል፣ ነዳጅ ይቆጥባል» ተብሎ ከሚሸጠው ነገር አብዛኛውን ሞክሬያለሁ፤ የትኛው ገንዘቡን እንደመለሰ፣ የትኛው እንደበላው ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የሞከርኩት የሚስቴ ወንድም ከዱባይ ያመጣልኝን አረንጓዴ ፕላስቲክ ነው። ከመሪው ሥር ባለችው የምርመራ ሶኬት ላይ ይሰካል፤ የመኪናውን አነዳድ «ተምሮ» ነዳጅ ይቆጥባል ነው የሚባለው። ሰካሁት። መብራቶቹ ብልጭ ድርግም አሉ። ከዚያ ወዲያ የተለወጠ ነገር የለም፤ የናፍጣው ልክ ያው፣ ዳገቱም ያው። ልጄ በካቻቢቴ ከፈተው፤ ውስጡ አንዲት ትንሽ ቺፕ፣ ሦስት መብራቶችና አንድ መጫኛ አለ። ከሞተሩ ኮምፒውተር ጋር የሚነጋገርበት ምንም ክፍል የለውም። አሜሪካኖቹ በአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤታቸው በኩል ከ100 በላይ «ነዳጅ ቆጣቢ» ተብዬዎችን መርምረው ፍጆታን ከቁጥር በሚገባ መጠን የሚቀንስ አላገኙም፤ ጭራሽ ሞተር የሚጎዳም አለበት። ስጦታ ስለሆነ ለአማቼ አልነገርኩትም። እናንተ ግን በገንዘባችሁ እንዳትገዙት።

ሁለተኛው፣ በተለምዶ «ቺፕ» የሚሉት ሳጥን፣ ከዚህ ይለያል፤ እሱ በእርግጥ አንድ ነገር ያደርጋል። ጥያቄው የሚያደርገው ነገር ለእኛ ሀገር ይስማማል ወይ ነው። በዲ4ዲ ሞተር ናፍጣው ወደ ሞተሩ ወደሚረጩት ኢንጀክተሮች ከመግባቱ በፊት አንድ የጋራ ቧንቧ ውስጥ በኃይለኛ ግፊት ይጠራቀማል፤ በእኔ ሞተር እስከ 1,600 ባር ገደማ። ቧንቧው ላይ ግፊቱን የሚለካ ሴንሰር አለ። ሳጥኑ በሴንሰሩና በኮምፒውተሩ መካከል ገብቶ ይዋሻል። ግፊቱ 1,200 ሆኖ ሳለ «1,100 ነው» ይላል፤ ኮምፒውተሩም የጎደለ መስሎት ይጨምራል። ኢንጀክተሩ ክፍት በሆነባት በዚያችው ቅጽበት የሚገባው ናፍጣ በዛ ማለት ነው።

ችግሩ ናፍጣ ብቻውን አይቃጠልም፤ አየር ይፈልጋል። እኛ ደግሞ የምንኖረው አየር በሳሳበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ ላይ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ እንጦጦ ጫፍ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ሳጥኑን የሠራው ፋብሪካ እንጦጦን አያውቅም። ከአንድ የሙያ ጓደኛዬ ተውሼ አሰርኩትና ጄኔሬተሩን ይዤ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ ወጣሁ። እውነት ለመናገር ጉልበት አለ፤ ነዳጅ ሲረገጥ ይሰማል። በመስታወቱ ወደ ኋላ ሳይ ግን ተሳቢዬ አይታይም፤ ጥቁር ጭስ ብቻ። ከኋላዬ የነበረው የአይሱዙ ሾፌር ሲያልፈኝ ያለኝን እዚህ አልጽፈውም። ያ ጥቁር ጭስ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው፤ የተከፈለበት ናፍጣ። ሳጥኑን ለባለቤቱ መለስኩ። የሁለት አዲስ ጎማ ዋጋ ነው የሚጠይቁበት፤ ሁለቱን ጎማ ግዙ።

ወደ ዋናው ልምጣ። ሳሪስ አካባቢ የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም የሚያስተካክል፣ እነሱ «ሪማፕ» የሚሉትን የሚሠራ ጋራዥ አለ። ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ ስሙን እተወዋለሁ። የገባሁት ሪማፕ አሠርቼ በዚያው ቀን ልወጣ ነበር። ላፕቶፕ ይዞ የመጣው ልጅ ግን፣ ሰላሳ ዓመት የሞላው አይመስልም፣ መኪናውን ከነተሳቢው አንድ ዳገት አስነድቶኝ ሲያበቃ ላፕቶፑን ዘጋው።

«ጋሼ፣ ዛሬ ገንዘብዎትን አልቀበልም» አለኝ። «መኪናው የጎደለው አየር ነው። አሁን ፕሮግራሙን ብቀይርልዎት ጭስ ነው የምሸጥልዎት።»

«ቱርቦው ሞቷል ማለትህ ነው?»

«ቱርቦውማ ይነፋል። የነፋው የት እንደሚሄድ ነው መፈለግ ያለብን።»

ቱርቦ ማለት አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ የሚነፋው ክፍል ነው። ልጁ ያሳየኝ ይህን ነው። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ብቻ ሲከፈት የአየር ሴንሰሩ 78 ኪሎፓስካል ያነባል፤ ይህ የሳሪስ ተፈጥሯዊ አየር ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ ቢሆን 101 አካባቢ ይል ነበር። ዳገቱ ላይ ነዳጁ ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ ኮምፒውተሩ ቱርቦውን የሚያዘው ሌላ፣ ሴንሰሩ የሚያነበው ሌላ፤ የታዘዘውና የደረሰው በብዙ ይራራቃሉ። ኮምፒውተሩ ደግሞ ሞኝ አይደለም። አየር ካላገኘ ጭስ እንዳይበዛ ብሎ ናፍጣውን ራሱ ይቀንሳል። ደክሟል ብዬ የማስበው መኪናዬ ጉልበት እያለው እጁ ተይዞ ነበር።

ከዚያ መኪናው በጋራዡ አንጋፋ መካኒክ እጅ ገባ። ሁሉም «ማስተር» ይሉታል። የአየር ማስገቢያውን ከፊልትሮው ወዲህ ደፈነና በኮምፕረሰር ለስለስ ያለ አየር ሰደደበት። ቀጥሎ የሳሙና ውሃ ይዞ ጎሚስታ ጎማ በሚፈትሽበት ዓይነት ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ረጨ። ቱርቦው የነፋውን ትኩስ አየር ወደሚያቀዘቅዘው ክፍል፣ ወደ ኢንተርኩለሩ፣ በሚሄደው ቱቦ ላይ፣ ከፋሼታው ሥር፣ አረፋው ተነፋ። ቱቦው ከላይ ሲታይ ደህና ነው፤ በሆዱ በኩል ግን የዘይት ላብ አልስልሶት በቁመቱ ተሰንጥቋል። ሞተሩ ሥራ ፈትቶ ሲቆም ስንጥቁ ይገጥማል፤ ቱርቦው ሲነፋ ይከፈታል። ቆሞ የሚመረምር ሰው እድሜ ልኩን አያገኘውም። አዲስ ቱቦ አስገባን። ያገለገለ ጎማ ነገር ከሱማሌ ተራ ማምጣት በበኩሌ አይሆንልኝም፤ ብረት ከሆነ ግን ግድ የለም።

ኢንተርኩለሩም ጉድ ነበረበት። ቪጎ ላይ ሞተሩ ራስ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ኮፈኑ ላይ ያለው አፍ ከፊት የሚመጣውን አየር ወደ እሱ እንዲያወርድ ነው የተሠራው። በአፉና በኢንተርኩለሩ መካከል መኖር የነበረበት የጎማ ማሸጊያ የለም፤ ማን እንዳነሳው አይታወቅም። በዚህ ምክንያት ቀዝቃዛው አየር በጎን ይፈስና የሞተሩ ትኩሳት በቦታው ይገባል። ክንፎቹ ደግሞ በአቧራና በሞተ ነፍሳት ተደፍነዋል። የሞቀ አየር የሳሳ አየር ነው፤ ቀድሞውንም በሳሳው የእኛ አየር ላይ ሌላ ቅነሳ። ታጠበ፣ ጎማውም ተተካ።

የአየር መግቢያው ማኒፎልድ ሲወርድ ለማየት ቆሜ ነበር። የጭስ መመለሻው የሚያመጣው ጥላሸትና የሞተር ዘይት ትነት ተቀላቅለው ጥቁር ገንፎ ሠርተዋል፤ የመተላለፊያው ግማሽ ተይዟል። ማስተር በማንኪያ ነው የዛቀው ብል አላጋነንኩም። ኢንጀክተሮቹ ወደ ፖምፓ ቤት ሄደው ተለኩ፤ ሦስቱ በልካቸው፣ አንዱ ሲመልስ የሚያፈሰው ናፍጣ በዝቶ ተገኘ። ከኢንጀክተሮቹ ሥር የሚገቡት የመዳብ ሮንዴላዎች ሁሉም ተቀየሩ። ይህ ሞተር ያላችሁ ሰዎች ይህችን ነገር ልብ በሉ። ሮንዴላዎቹ ማፍሰስ ሲጀምሩ የቃጠሎው ጥላሸት ወደ ዘይቱ ይገባል፤ በከርቴሌው፣ ማለትም በዘይት ማጠራቀሚያው፣ ውስጥ ያለውን የዘይት ወንፊት ይደፍነዋል፤ ከዚያ ቱርቦውም ሞተሩም ያለ ዘይት ይሠራሉ። መዳቧ የምትሸጠው በሳንቲም ነው ማለት ይቻላል፤ የምታስወርደው ግን ሙሉ ሞተር ነው።

የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ላይ ስንደርስ ማስተር ሳቀ። የለም። ቤቱ ባዶ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት አስወጥቶት ይሆናል፤ እዚህ ሀገር «እንዳያሞቅ» እየተባለ ቴርሞስታት መጣል እንደ ጥበብ ይቆጠራል። ላፕቶፑ ላይ ያየነው ሙቀት በደልዳላ መንገድ 68 ዲግሪ ነበር። ዘይቱ አልሞቀምና ይከብዳል፤ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና የተነሳ ይመስለውና ናፍጣውን በዚያው ልክ ያስተካክላል። አዲሱ ሲገባ 85 አካባቢ ረግቶ ቀረ። ዋጋው ሥራ የሚበዛበት አንድ ቀን ከምጨርሰው ናፍጣ ያንሳል። ራዲያተሩ ተደፍኖ የሚያሞቅ መኪና ካላችሁ ራዲያተሩን አሳጥቡ፤ ቴርሞስታቱ ምን አደረገ?

የመኪናውን እግር ጎማ ጉዳይ ያነሳው ላፕቶፕ ያዡ ልጅ ነው። መኪናውን ስገዛው 285/75 ባለ 16 ጎማ ነበረው፤ ግርማ ሞገስ አለው፣ ወድጄው ነበር። ለመኪናው የተመደበው 265/70 ነው። ትልቁ ጎማ በዲያሜትር 83 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ሲጠጋ የራሱ 78 አይሞላም፤ ልዩነቱ 7 በመቶ ነው። ይህ ማለት በእያንዳንዱ ማርሽ ላይ ጎማው መሬቱን የሚገፋበት ኃይል በ7 በመቶ ይቀንሳል። ሪማፕ ከሚጨምረው ቀላል የማይባለውን ጎማው አስቀድሞ ወስዶታል እንደማለት ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም አብሮ ይስታል፤ 107 ኪሎ ሜትር ተነድቶ 100 ይላል። ጎማዎቹን ለአንድ ላንድክሩዘር ባለቤት ሸጬ በራሱ ልክ አስገባሁ። ልጄ «መኪናው አጠረ» ብሎ አኩርፏል።

ስለ ፍጆታው፦ የምለካው ታንኩ አፉ ድረስ ተሞልቶ፣ ተነድቶ፣ እዚያው ማደያ እዚያው ቧንቧ ላይ እንደገና አፉ ድረስ በመሙላት ነው። ዳሽቦርድ ላይ ያለውን ቀስት አላምንም። መንገዴ ከቃሊቲ ተነስቶ በቱሉ ዲምቱ በፈጣን መንገዱ አዳማ፣ ከዚያ መልስ ነው፤ ሲወረድ ቀላል፣ ሲመለስ ግን ከ500 ሜትር በላይ ከፍታ የሚወጣበት። ከሥራው በፊት ጄኔሬተሩን እየጎተተ በሊትር 6.2 ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር፤ ይህ የቆጣሪው ስህተት ተስተካክሎ ነው። ሪማፕ ሳይነካው፣ በቱቦው፣ በጽዳቱ፣ በቴርሞስታቱና በጎማው ብቻ 7.4 ገባ። ባዶውን ከ9.5 ወደ 11። ሞተሩ ላይ አንድም አዲስ ጉልበት አልተጨመረም፤ ፋብሪካው የሰጠው 163 የፈረስ ጉልበትና 343 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ነው የተመለሰው።

ተሳቢውንም አስፈተሽኩ፤ አብዛኛው ሰው መኪናውን ሲያስመረምር ተሳቢውን ደጅ ይተወዋል። የግራው ጎማ ኩሽኔታ ደርቆ ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ እጅ አያስነካም፤ ፍሬኑም በትንሹ ይዞ ይሄዳል። ጎማዎቹ የተነፉት ለባዶ ጋሪ በሚሆን ልክ ነው። ጄኔሬተሩ ደግሞ ወደ ኋላ ተስቦ ስለተቀመጠ ተሳቢው አፍንጫው ይቀልላል፤ ፈጠን ሲባል ጅራቱን ይወዘውዛል፣ ሾፌሩም ሳያስበው መሪ ሲያርም ይውላል። ወደ ፊት አስጠጋነው። መንጠቆው ላይ የሚያርፈው ክብደት ከጠቅላላው ተሳቢ ክብደት 10 በመቶ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ለእኔ 150 ኪሎ መሆኑ ነው። ከዚህ ሲበዛ የመኪናው ባሌስትራ ይቀመጥና ከፊት መሪው ይቀልላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን የጄኔሬተሩን ታንክ ባዶ ይዤ ሄጄ እዚያው በደረስኩበት እሞላ ነበር፤ በጀሪካን ናፍጣ መግዛት ጣጣ ስለሆነ ግን ሙሉውን ተሸክሜ እሄዳለሁ።

ፍጥነትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። የአየር መቋቋም ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ በካሬው ነው። በሰዓት ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር ሲወጣ የሚገፋው አየር ከግማሽ በላይ ይጨምራል። ከኋላዬ የቆመ የብረት ሳጥን ነው የምጎትተው። ፈጣን መንገዱ ላይ በ80 ቀኜን ይዤ እሄዳለሁ፣ ሚኒባሶቹም እንደ ፈቀዳቸው ያልፉኛል። ለጭነት ማሰሪያ ብዬ ጋቢናው ላይ ያስገጠምኩትን ፖርቶመጋላም አስወርጃለሁ።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ልጁ «አሁን እሺ» ያለኝ። ሪማፑ ግማሽ ቀን ፈጀ። መጀመሪያ የነበረውን ፕሮግራም አውጥቶ በፍላሽ ሰጠኝ፤ ይህን የማይሰጥ ባለሙያ ጋ አታሠሩ፣ ነገ መመለስ ብትፈልጉ የሚመለሱበት የላችሁም። ከዚያ ጠየቀኝ፦ ፍጥነት ነው ወይስ ጉተታ? ጉተታ አልኩት። ከላይ ያለውን ዙር ብዙም ሳይነካ ከ1,600 እስከ 2,600 ባለው ላይ ነው የሠራው፤ ዳገት ላይ የምኖረው እዚያ ውስጥ ነው። ከፍታ ሲጨምር ናፍጣውን የሚገድበውን ክፍልም አልነካውም። አንዳንዱ ጋራዥ ያንን ያጠፋዋል፤ ሲነዱት ደስ ይላል፣ ሲያጨስ ግን ያሳፍራል። ቱርቦውም ላይ ቆጣቢ ነበር። በሳሳ አየር ውስጥ ያንኑ ግፊት ለማምጣት ቱርቦው ከባሕር ጠረፉ ይልቅ በፍጥነት መዞር አለበት፤ አውሮፓ ላይ የሚጭኑትን ፋይል እንዳለ እዚህ ቢጭኑት ቱርቦው የሚከፍለው በእድሜው ነው።

ውጤቱን በጉተታ በኩል ወድጄዋለሁ። ወደ አዲስ አበባ ስመለስ በሦስተኛ የምወጣቸውን ዳገቶች አሁን በአራተኛ እወጣለሁ። ሱሉልታም በሁለተኛና በሦስተኛ መካከል መወዛወዙ ቀርቷል። ጭስ የለም፤ ነዳጅ በድንገት ሲረገጥ ትንሽ ግራጫ ብቻ። ልጁ ከ400 ኒውተን ሜትር በላይ ይሆናል ብሏል፤ በማሽን ስላልተለካ ቃሉን ብቻ ነው የምነግራችሁ።

በናፍጣ በኩል ግን «ሪማፕ ነዳጅ ይቀንሳል» ብሎ ለሚሸጥላችሁ ሰው ብዙ አትስሙት። እየጎተትኩ ከ7.4 ወደ 7.5 ነው የሄደው፤ ይህ በንፋስ አቅጣጫም ሊመጣ የሚችል ልዩነት ነው። ምክንያቱን ልጁ ወረቀት ላይ አስልቶ አሳየኝ። መኪናው፣ ተሳቢውና ሰዎቹ አንድ ላይ 3.5 ቶን ነን። ይህን ያህል ክብደት 500 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት ብቻ፣ ጎማና ንፋስ ሳይቆጠር፣ ይህን የመሰለ ሞተር 1.4 ሊትር አካባቢ ናፍጣ ይፈልጋል። ያንን የትኛውም ፕሮግራም አይቀንሰውም። የሚቀንሰው የሚባክነውን ነው፤ የእኔን ብክነት ደግሞ ማስተር በሳሙና ውሃ ቀድሞት አግኝቶታል።

ፍሪሲዮኑ አስቀድሞ የተነገረኝ ጣጣ ነው። አሮጌ ፍሪሲዮን ለ343 የሚበቃ ቢሆንም ለ400 ላይበቃ ይችላል። በአምስተኛ ማርሽ በዝቅተኛ ዙር ሙሉ ነዳጅ ከረገጥኩ ዙሩ ይወጣል፣ መኪናው ግን አይከተልም፤ ቀጥሎ ሽታው ይመጣል። እስኪቀየር ድረስ ማርሽ ቀንሼ እየነዳሁ ነው። ሪማፕ ስታስቡ የፍሪሲዮን ዋጋ አብራችሁ ደምሩ።

አንድ የሚያሳስበኝ ደግሞ ሰዎች ጉልበት ሲጨመር የመጎተት አቅምም የተጨመረ ሲመስላቸው ነው። የዚህ መኪና የጉተታ ወሰን ፍሬን ላለው ተሳቢ 2,500 ኪሎ፣ ፍሬን ለሌለው 750 ኪሎ ነው፤ እንደ ስሪቱ ሊለያይ ስለሚችል የመኪናችሁን መመሪያ ተመልከቱ። ያ ወሰን የሞተር ብቻ አይደለም፤ የሻሲው፣ የመንጠቆው፣ ከሁሉም በላይ የፍሬኑ ነው። ላፕቶፕ ፍሬን አይጨምርም። ዳገቱን በአራተኛ የወጣ ሰው ቁልቁለቱን በአምስተኛ መልቀቅ ያምረዋል። እኔ ስወርድ አንድ ማርሽ ዝቅ አድርጌ ሞተሩ እንዲይዘው ነው የማደርገው፤ ተሳቢዬ ፍሬን ባይኖረው ኖሮ በዚህ ክብደት ጭራሽ አልንቀሳቀስም ነበር።

ሰዎች የሚጠይቁኝን ሌሎች ነገሮች ባጭሩ፦ ማርሚታ ማስፋት ድምፅ ይጨምራል፣ ለእኔ ዓይነት ሥራ የሚታይ ለውጥ የለውም። እየታጠበ ተመልሶ የሚገባ «ስፖርት» የአየር ፊልትሮ በእኛ አቧራ አልመክርም፤ የወረቀቱን ቶሎ ቶሎ መቀየር ይሻላል። ታንክ ውስጥ የሚጨመሩ ጠርሙሶች ኢንጀክተር ያጸዱ ይሆናል፤ ጉልበት ግን አይፈጥሩም። የናፍጣ ፊልትሮ ላይ ግን አትሰስቱ፤ ሥሩ የሚጠራቀመውን ውሃ አፍስሱት፣ ናፍጣ በጋራ ቧንቧ ለሚጠራቀምበት (ኮመን ሬይል ለሚሉት) ሞተር ውሃ መርዝ ነው።

ያረጀው፣ 5ኤል የሚባል ሞተር ያለው ሃይሉክስ ያላችሁ ደግሞ ይህ ሁሉ የሪማፕ ወሬ አይመለከታችሁም። ቱርቦ የለውም፤ አዲስ አበባ ላይ ያጣውን ሩብ የሚያህል አየር የሚመልስለት ነገር ስለሌለ ፕሮግራም የሚጨምረው የለም። ፖምፓውን አስለኩ፣ ቫልቭ አስተካክሉ፣ ጎማውን በልኩ አድርጉ፣ ጭነቱን ቀንሱ። ያ ሞተር ሲጎትት ቀርፋፋ ነው፤ ግን ደግሞ አይሞትም።

ለጋራዡ ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣለሁ። ገንዘቤን እምቢ ብሎ የመለሰኝ ጋራዥ ከዚህ በፊት ገጥሞኝ አያውቅም፤ ለዚያ ብቻ አምስትም ይገባቸው ነበር። አንዱን የቀነስኩት ቀጠሮ ስለማያከብሩና ደረሰኝ ስጠይቅ «ነገ፣ ነገ» እያሉ ስላመላለሱኝ ነው፤ እስካሁንም አልሰጡኝም።